ዋልያዎቹን እስከ መጨረሻው ፊሽካ የሚያሳይ ዲኤስቲቪ ቤት፣ ደሴ

ደሴ ላይ የብሔራዊ ቡድናችንን ጨዋታ የት ልይ ለምትሉ፣ ሆጤ ሰፈር ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት አለ፣ እኔ እሱን ካገኘሁ ሌላ ቤት አልረገጥኩም። በፊት የማይበት ቤት ገና ጎል ሲገባብን ወደ አውሮፓ ጨዋታ ይቀይሩብን ነበር፣ የከፈልነው ግን ለኢትዮጵያ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እዚህ አይቀየርም። መጋቢት 2017 ካዛብላንካ ላይ ከግብፅ ጋር ስንጫወት ረመዳን ነበር፣ ሰዉ ከተራዊህ ወጥቶ ቤቱ ጢም ብሏል፣ ሳላህና ዚዞ ከእረፍት በፊት 2 ለ 0 ሲያደርጉት ግማሹ መነሳት ጀመረ፣ አንዱ ልጅ "አባባ በቃ ቀይሩልን" ሲላቸው ባለቤቱ ሪሞቱን ኮታቸው ኪስ ከተቱና "ተው ልጄ፣ ልጆቹ ገና እየተጫወቱ ነው" አሉት። ወላሂ የተነሳው ሁሉ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሌላ ጎል አልገባብንም፣ ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ሞሮኮ ጅቡቲን 6 ለ 1 ስናደርግ ቤቱ ሊፈርስ ነበር።

ግድግዳው ላይ የ2005ቱ ቡድን ፖስተር አለ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃን ነው፣ የሳላዲን ሰይድ ፊት በቡና ጭስ ጠይሟል። እነሳላዲን፣ እነአዳነ፣ እነሽመልስ በአንድ ቀን አልበቀሉም እኮ፣ አዲሶቹን ግን በአንድ ጨዋታ እንፈርድባቸዋለን፣ ያውም ‘የሜዳቸውን’ ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ሲጫወቱ ኖረው። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ እንኳን "ሜዳችን" የተባለው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) አገር ውስጥ ያለ ሜዳ ስላላጸደቀልን። እዚሁ ወልዲያ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም እያለን ልጆቹ የወሎን ጭብጨባ ሳይሰሙ ማደጋቸው ያሳዝነኛል።

ወደ ቤቱ ልመለስ፣ መግቢያ 20 ብር፣ ቡናው ጤና አዳም አለው፣ መብራት ቢሄድ ጀነሬተሩ ወዲያው ይነሳል። የማይመቸው ከኋላ አግዳሚዎች ፊት ያለው ምሰሶ ነው፣ የቀኙን ጎል ሙሉ በሙሉ ይከልላል፣ ጅቡቲ ላይ ካገባናቸው ስድስት ጎሎች ሁለቱን በጩኸት ብቻ ነው ያወቅኩት፣ አባባ ስክሪኑን ትንሽ ወደ ግራ ቢያስጠጉት ይስተካከላል። እስከዚያው ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፣ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፣ ለሕፃን አያስከፍሉም።