46,500 ብር የበላው የጅማ በራችን

ለገና ጅማ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ስለ በረራውም፣ ስለ ባጃጁም፣ ስለ ማሩም የምለው አለኝ። መጀመሪያ ግን የበሩን ጉዳይ ልናገርና ይውጣልኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

እማዬ የምትኖረው ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር ነው። ዱሮ አባባ ከሥራ ሲመጣ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል፣ እኔና ወንድሜ እየተሽቀዳደምን በሩን እንከፍታለን። አሁን አባባ የለም። እኛም አገር ቤት የለንም። የእማዬ ጉልበት ደግሞ እንደ ዱሮው አይደለም። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት ከወንድሜ ጋር ተዋጥተን ለግቢው በር በሪሞት የሚሠራ ሞተር አስገጠምንላት። ሜሪላንድ እኔ ቤት ያለው የጋራዥ በር ወደ ላይ የሚወጣ ነው (ጋራዥ ስል መኪና የሚጠገንበትን አይደለም፣ የሚያድርበትን ነው)። የእማዬ ግን በሀዲድ ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተት የብረት በር ነው። መልኩ ይለያያል እንጂ የሁለቱም አመል አንድ ነው።

ከኅዳር ጀምሮ እማዬ በስልክ አንድ ነገር ትደጋግምልኝ ነበር። «ይሄ በር ማታ ማታ ያመዋል።» ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትሠራው፤ አመሻሽ ላይ በመኪና ትገባለች። በሩ ይከፈትላታል፣ ከገባች በኋላ ግን አልዘጋም ይላል። ሪሞቱን ብትጫነው ንቅንቅ የለም። ሞተሩ ላይ ያለችው መብራት ብቻ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ጠዋት ሲነጋ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይከፈታል፣ ይዘጋል።

እኔም ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ ባለሙያ ሆንኩ። መጀመሪያ የሪሞቱን ባትሪ ቀይሩ አልኩ። ሞኝነት ነው። መክፈቻውም መዝጊያውም ያው አንድ ቁልፍ ነው፤ ከከፈተ ባትሪው ደህና ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ማታ መብራት ስለሚደክም ነው ብዬ ስታቢላይዘር አስገዛሁ። እሱም አልሆነም። እንዲያውም አዲስ ሞተር ከዚህ ገዝቼ በሻንጣ ላምጣ ብዬ ነበር። ደግነቱ ወንድሜ አስቆመኝ። የአሜሪካው በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው፣ የኛ አገር መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። እንደዛው ብሰካው ጭሱን ነበር የማየው። ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት።

ጅማ እንደደረስኩ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ጋ ደወልኩ። ስማቸውን አልጠራም። ሰውየው በስልክ ማር ነው። «እህቴ፣ አታስቢ፣ በሁለት ቀን እንመጣለን» አለኝ። ለመንገድና ለአበል 15,000 ብር ቅድሚያ ላኪ አለኝ፣ ላክሁ። ሁለቱ ቀን ዘጠኝ ቀን ሆነ። «ነገ ጠዋት እንነሳለን» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ጅረን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለእህቴ ልጆች ላሳይ ቃል ገብቼ ነበር። ይመጣሉ እያልኩ ሁለቴ ሰረዝኩት። በስምንተኛው ቀን «ጊቤ ደርሰናል» አለኝ። እማዬ ምሳ ሠርታ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጠፋ! ጊቤ ላይ ምን ያህል እንደሚታደር እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መጡ። በሩ በጠዋት ደህና ነው ብያችኋለሁ። ሰውየው አሥር ጊዜ ከፈተው፣ አሥር ጊዜ ዘጋው። ከዚያ የሞተሩን ክዳን ፈትቶ ትንሽ አየና «ቦርዱ ሞቷል» አለኝ (ሞተሩን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቱ ነው)።

«እንዴት ይሞታል? አሁን ዘጋኸው እኮ።»

«ሊሞት ነው፣ እህቴ።»

እማዬ በረንዳ ላይ ተቀምጣ «ማታ ነው የሚያመው፣ ልጄ፣ ማታ ቆይታችሁ እዩት» አለች። ሰውየው ፈገግ አለላትና ዝም አለ። እንደዛ ዓይነት ፈገግታ ታውቁት የለ፣ ለሽማግሌ የሚሰጥ። እኔም አብሬ ዝም አልኩ። የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ከሁላችንም ቀድማ ነገሩን የያዘችው እሷ ነበረች።

አዲስ ቦርድ ገጠመ። ሂሳቡ ከቅድሚያው ጋር 46,500 ብር ደረሰ። ደረሰኝ ስለው «ቢሮ ስንገባ እንልካለን» አለኝ፣ ይኸው እየጠበቅሁ ነው። አሮጌውን ቦርድ ደግሞ በላስቲክ ጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ከተተው። ለምን ስለው «ለእናንተ ምን ይሠራል?» አለኝ። ገንዘብ የከፈልኩበት ዕቃ እኮ ነው! ሳይመሽባቸው ለመግባት 7 ሰዓት ሳይሞላ ወጡ።

11 ሰዓት ከ20 ላይ እህቴ መጣች። በሩ ተከፈተ። አልተዘጋም።

እዚያው ደወልኩለት። «የጅማ መብራት ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳም። በእህቴ ስልክ ስደውል አነሳ፣ ድምፄን ሲሰማ ኔትወርክ ጠፋበት። ሜሪላንድ አንድ ጊዜ ባለሙያ መጥቶ ለማየት ብቻ 95 ዶላር ከፍያለሁ፤ እዚያም ርካሽ ነገር የለም። ያኛው ግን ብልሽቱን ሳያይ ዕቃ አልቀየረም። እኔን ያቃጠለኝ የብሩ መብዛት ብቻ አይደለም፤ አነጋገሬንና ጫማዬን አይቶ ዋጋ መቁረጡ ነው።

በማግስቱ ገበያ ስሄድ የባጃጁ ሹፌር ምሬቴን ሰምቶ «አንድ ልጅ አለ፣ ሂርማታ ሰፈር» አለኝና ይዞኝ ሄደ። ቴፕና ቴሌቪዥን እስከ ጣሪያ የተከመረባት ጠባብ ሱቅ ናት። ልጁ ሃያዎቹ መጨረሻ ቢሆን ነው። አንድ ቴስተርና ሁለት ካቻቪቴ ይዞ መጣ። ገና ሲገባ ሞተሩን አልነካም። እማዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ «መቼ መቼ ነው የሚያስቸግረው፣ እማማ?» አላት። ነገረችው። «በቃ፣ አሁን ደህና ከሆነ ምን አይለታለሁ? 11 ሰዓት እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ለመመላለሻ እንኳ አልጠየቀም።

11 ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። እህቴ በሩን ከፈተች፣ እንደለመደው አልዘጋም አለ። ልጁ በሩ ምሰሶ ሥር ያለችውን ትንሽ ጥቁር ዓይን ጎንበስ ብሎ አያት፣ ኮፍያውን አውልቆ ከላይ በኩል ጥላ አደረገላት። «አሁን ተጫኚው።» በሩ ዝም ብሎ ተዘጋ። ኮፍያውን ሲያነሳው እንቢ። ሲያጠላው እሺ። እማዬ መሳቅ ጀመረች። ልጁ «ረኮ ሂንቀቡ» አለ፣ ችግር የለም፣ ጅማ ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ የሚሰማው ቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሩ ሰው ወይም መኪና ላይ እንዳይዘጋ በግራና በቀኝ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ ያቺ ጥቁር ዓይን አንዷ ናት። አንደኛው ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይልካል፣ ሌላኛው ይቀበላል። ብርሃኑ ከተቋረጠ በሩ መዝጋት እምቢ ይላል፣ መክፈቱን ግን አይከለክልም። አሜሪካም ከ1993 ጀምሮ የተመረተ የቤት ጋራዥ በር ሞተር ይህ ወይም ይህን የመሰለ መከላከያ እንዲኖረው ግድ ነው። የኔ ቤት አንድ ጊዜ ልጄ በኳስ መትቶ አጣሞት ለሁለት ቀን አልዘጋም ብሎኛል። ስለዚህ የእማዬንም ጠዋት ጠዋት አይቼው ነበር፤ ንጹሕ ነው፣ አልተጣመመም። ያላሰብኩት ፀሐይዋን ነው። የተቀባዩ ፊት ወደ ምዕራብ ነው። የምታዘቀዝቅ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ይታወራል፣ ከማዶ የሚላክለትን አያይም።

ታዲያ ለሦስት ዓመት ለምን ደህና ነበር? ይህንንም ያወቀው ልጁ ነው። ማዶ ያለውን ጉቶ አይቶ «እዚህ ምን ነበር?» አለ። ጎረቤታችን ኅዳር ላይ ትልቁን የአቮካዶ ዛፍ አስቆርጠዋል። ለካ በሩን ሲያጠላለት የኖረው እሱ ነው!

ከጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ አንድ ስንዝር ቆርጦ በዓይኑ ላይ እንደ ቆብ አጠለቀለት፣ ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ አሠረው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። 600 ብር አለኝ። አንድ ሺህ ስሰጠው መልሱን ቆጥሮ መለሰልኝ፤ እማዬ ቡና ሳይጠጣ አይሄድም ብላ ያዘችው። እየጠጣ የነገረኝን ላካፍላችሁ። የሚከፈት ግን የማይዘጋ በር ካላችሁ ቦርድ ከመቀየራችሁ በፊት ዓይኖቹን ጥረጉ፣ ሸረሪት ድር ትወዳቸዋለች። መተያየታቸውን እዩ። በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ ጻፉ። ቦርዱ ላይ የሴንሰሩን ገመድ በሽቦ አገናኝቶ መዝለል ለምርመራ ብቻ ነው፤ እንደዛው ከተዋችሁት በሩ ሕፃን ላይም ይዘጋል። መብራት ሲጠፋ ሞተሩን የሚፈታው ቁልፍ የት እንዳለም እወቁ። የእማዬ ቁልፍ ሦስት ዓመት ሙሉ ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

የቀረውን ባጭሩ። ከቦሌ ጅማ በረራው በሰዓቱ ነበር፣ ሻንጣዬም አብራኝ ደረሰች። ባጃጆቹ ቀድማችሁ ዋጋ ከተስማማችሁ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ማር የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ግዙ፣ እኔ ለብቻዬ ሄጄ ስኳር ይዤ ተመለስኩ። ጅረንም በመጨረሻው ቀን ወጣሁ፤ ልጆቹ ከቤተ መንግሥቱ የእንጨት ሥራ ይልቅ ቁልቁል የሚታየውን ከተማ ወደዱት።

የልጁን ስልክ ሳላስፈቅደው እዚህ አልጽፍም። ሂርማታ መርካቶ ሄዳችሁ ቴፕ የሚጠግነውን ልጅ በሉ፣ ያሳዩአችኋል። አርብ አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መስጊድ ስለሚሄድ ሱቁ ዝግ ነው።