ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ የሚሻለው የትኛው ነው? የጉግል ሳይትስ፣ የዎርድፕረስ፣ የዊክስና የኮሃ ንጽጽር

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ለመሥራት ሲታሰብ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው በመልኩ ማማር ነው። ተማሪው ግን ገጹን የሚከፍተው የሚፈልገው መጽሐፍ መኖር አለመኖሩን፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለና ቤተ መጻሕፍቱ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ለማወቅ ነው። ስለዚህ አራቱን መሣሪያዎች በሦስት ጥያቄዎች እመዝናቸዋለሁ፦ መጽሐፍን በአማርኛ ፈልጎ ለማግኘት ያመቻሉ ወይ? ክፍያቸው ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የሚቻል ነው ወይ? ገጹን የሠራው መምህር ሲዛወር ተተኪው ያለ ችግር ሊረከበው ይችላል ወይ?

ጉግል ሳይትስ ነጻ ነው፤ የጂሜይል አካውንት ያለው ሁሉ ይጠቀምበታል። ኮድ መጻፍ አይጠይቅም፤ ጽሑፉን፣ ፎቶውንና ፎርሙን በቦታ በቦታው ማስገባት ብቻ ነው። መጽሐፍ ለማስያዝ ወይም እንዲገዛ ለመጠየቅ በጉግል ፎርም የተሞላው ሁሉ በቀጥታ ወደ ጉግል ሺትስ ስለሚገባ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ጥያቄዎቹን በአንድ ሠንጠረዥ ያገኛቸዋል። ከጂሜይልና ከጉግል ፎቶስ ጋር በጋራ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለመጻሕፍት ዝርዝርና መጠናቸው ለተቀነሰ ፎቶዎች ከበቂ በላይ ነው። ትልቁ ጉድለቱ የራሱ ካታሎግ (የመጻሕፍት መፈለጊያ መዝገብ) የሌለው መሆኑ ነው። ዝርዝሩ በሺትስ ተዘጋጅቶ ይያያዛል፤ ይህም ሲሆን ሠንጠረዡን ገጹ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ ለማየት ብቻ በተፈቀደ ሊንክ ለብቻው እንዲከፈት ማድረግ ይሻላል፤ ተማሪው የሺትስን የራሱን መፈለጊያ የሚጠቀመው ያን ጊዜ ነው።

ፍለጋው በአማርኛ ሲሆን ግን በየትኛውም መሣሪያ የሚያጋጥም ችግር አለ። መዝጋቢው «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ ያስገባውን ተማሪው «ስነ ጽሁፍ» ብሎ ቢፈልገው መደርደሪያው ላይ ያለው መጽሐፍ የለም ይባላል፤ ኮምፒዩተሩ ሥን ከስ፣ ሑን ከሁ ጋር አንድ አድርጎ አያይምና። በሺትስ መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ዓምድ መክፈትና ርዕሱንና የደራሲውን ስም በአንድ ወጥ አጻጻፍ መድገም ነው፦ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ እየተለወጡ። በሠንጠረዡ አናት ላይም ፈላጊው በእነዚሁ ፊደላት እንዲጽፍ የሚያሳስብ አንድ መስመር ይቀመጣል። ለውጡን ሰብስቲቲዩት (SUBSTITUTE) የተባለው ፎርሙላ ይሠራዋል፤ እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ቤት ስላለው ፎርሙላው ይረዝማል፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ወደ ሁሉም ረድፍ ይገለበጣል። ይህን ሥራ ሳይሠሩ ስለ ገጹ ቀለም መጨነቅ ለተማሪው ምንም አይጠቅመውም።

ዎርድፕረስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍት ሶፍትዌር ሲሆን በሁለት መንገድ ይገኛል። በዎርድፕረስ ዶት ኮም ያለው ነጻ ዕቅድ ማስታወቂያ ያሳያል፣ ፕለጊን (ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ቅጥያ ፕሮግራም) ማስገባትም አይፈቅድም፤ በዚህ መልኩ ከጉግል ሳይትስ የሚበልጥበት ነገር ለቤተ መጻሕፍት እምብዛም ነው። ሶፍትዌሩን በራስ ሆስቲንግ (ገጹ በሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ላይ መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። ቴብልፕረስ በተባለው ፕለጊን የመጻሕፍቱን ዝርዝር ከሺትስ ወይም ከኤክሴል አምጥቶ መፈለጊያ ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ማድረግ ይቻላል። ሠንጠረዡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ተማሪው ስልክ ስለሚወርድ ለጥቂት ሺህ መጻሕፍት ይመቻል፤ ዝርዝሩ በጣም ሲረዝም ግን ደካማ ኔትወርክ ላይ ያንቀራፍፋል። ሆስቲንጉን በብር ከሚያስከፍል የአገር ውስጥ አቅራቢ መግዛት ይቻላል። የማያቋርጠው ወጪ የሰው ጊዜ ነው፦ ዎርድፕረሱም ፕለጊኖቹም በየጊዜው ካልታደሱ ገጹ ለሰርጎ ገቦች ይጋለጣል። ቋሚ የአይሲቲ መምህር ለሌለው ትምህርት ቤት አልመክረውም።

ዊክስ ለዓይን ከሁሉም ይማርካል። ነጻው ዕቅዱ የዊክስን ማስታወቂያ ያሳያል፤ እሱን ለማስወገድ የሚጠየቀው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። ከሁሉም የሚከብደው ግን በዊክስ የተሠራን ገጽ እንዳለ ወደ ሌላ ሆስቲንግ ማዛወር አለመቻሉ ነው። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ይህ ብቻ ለመተው በቂ ምክንያት ይመስለኛል።

ኮሃ ከሦስቱ በዓይነቱ ይለያል። በኒው ዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረ፣ ነጻና ክፍት የሆነ ሙሉ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ነው፤ ካታሎጉን፣ ውሰቱን፣ ምላሹንና የተዋሾችን መዝገብ በአንድ ላይ ይይዛል። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ሥርዓተ ክወናዎች ላይ ይጫናል። አንድ ጠንካራ ኮምፒዩተር ሰርቨር ሆኖ ከትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ጋር ከተገናኘ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን እንኳ ተማሪው በግቢው ውስጥ በስልኩ መፈለግ ይችላል። የፊደሉን ችግርም ከሥሩ የሚፈታው እሱ ነው፦ ዜብራ የተባለው የፍለጋ ክፍሉ አይሲዩ በሚባለው የፊደል አያያዝ እንዲሠራ ሲደረግ ሐንና ኀን እንደ ሀ እንዲቆጥር ሕግ ሊጻፍለት ስለሚችል፣ ተማሪው እንደ ልማዱ ቢጽፍም መጽሐፉን ያገኘዋል። የደራሲ ስም ሲገባ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮሃ የሚጠቀምበት ማርክ 21 የተባለው የአመዘጋገብ ሥርዓት የቤተሰብ ስምን ከመጠሪያ ስም ስለሚለይ፣ መዝጋቢው የደራሲ ስም በሚገባበት በመስክ 100 የመጀመሪያ አመልካች ላይ 0 መርጦ የደራሲውን ስም ከነአባቱ በተለመደው ቅደም ተከተል መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ደራሲው በአባቱ ስም ይመዘገባል። ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን የሚያቆይ ባትሪ) እና መደበኛ የባክአፕ ልማድ ለሌለው ትምህርት ቤት ግን ኮሃ ከአቅም በላይ ነው።

የእኔ ምርጫ እንግዲህ ይህ ነው። ጥቂት መቶ ወይም እስከ ሁለት ሺህ መጻሕፍት ላለውና አንድ ሠራተኛ ብቻ ለሚያስተዳድረው ቤተ መጻሕፍት ጉግል ሳይትስ ይበቃዋል፤ ብቻ ገጹ በመምህሩ የግል ጂሜይል ሳይሆን በቤተ መጻሕፍቱ ስም በተከፈተ አካውንት ይሠራ፣ የይለፍ ቃሉም በርእሰ መምህሩ ቢሮ ጭምር ይቀመጥ። ውሰቱ በዝቶ በደብተር መቆጣጠር ላቃተውና ባለሙያ ላለው ኮሃ ይሻላል፤ ዎርድፕረስ ደግሞ ከካታሎጉ ይልቅ የተማሪዎችን ጽሑፍና ዜና አዘውትሮ ማውጣት ለሚፈልግ ነው። በየትኛውም ላይ የተዋሾች ስም ለሕዝብ ክፍት በሆነ ገጽ አይለጠፍ፤ ስካን የተደረጉ ልብ ወለዶችም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አይጫኑ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ይጠብቃልና።

በሺትስ የሚጀምር ሰው ወደ ኮሃ የመሻገሩን በር ከመጀመሪያው ክፍት ማድረግ ይችላል። ርዕስ፣ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ የታተመበት ዓመት፣ የመደርደሪያ ቁጥርና የቅጂ ብዛት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑም በሌላ ዓምድ ይጻፍ። እንዲህ የተዘጋጀን ሠንጠረዥ ማርክኤዲት የተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ማርክ መዝገብ ስለሚለውጠው፣ በኋላ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እንደገና መመዝገብ አያስፈልግም።