ከባትሪ እስከ ትራክተሩ ጀርባ፦ ባለ 7 እግር፣ ባለ 3 እግር ወይስ ባለ 50 አምፔር?

«ከትራክተሩ ኋላ ለምገጥመው መርጫ ከረንት ከየት ልሳብለት?» የሚለውን ጥያቄ በዚህ ወቅት ብቻ ከአራት ጓደኞቼ ሰማሁ። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው እየረሳሁ ስለተቸገርኩ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው። የማደላው ለማን እንደሆነ ከወዲሁ ልናገር። ከኋላ የምትገጥሙት መሣሪያ ሞተር ካለው፣ ከባትሪው ከራሱ ወፍራም የመዳብ ገመድ ሳቡ፤ ባትሪው ሥር ፊውዝ አድርጉ፤ ጫፉ ላይ አንደርሰን የሚባለውን ባለ ሁለት ቀዳዳ የ50 አምፔር ማገናኛ ግጠሙ። ሌሎቹንም ሞክሬያቸዋለሁ፤ አንዱን በእጄ አቃጥዬዋለሁ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ትራክተሩ ላይ ካለው ባለ 7 እግር የተጎታች መብራት ሶኬት ነው። እኔም ከዚያ ነው የጀመርኩት። ሶኬቱ አለ፣ የሚገዛው ስፒናው ብቻ ነው፣ እሱም ከሁሉም ርካሹ ነው። ግን ይህ ሶኬት የተሠራው ለፍሬቻና ለፍሬን መብራት ነው። ብዙ ጊዜ ሽቦው ባለ 1.5 ነው (ማለትም የውስጡ መዳብ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህ በኋላም ባለ 6፣ ባለ 10 ስል እንዲሁ ነው)፤ ቁጥር 3 ላይ የሚገባው ነጩ ሽቦ ደግሞ የሁሉም መብራቶች የጋራ ኔጋቲቭ ነው። 9 አምፔር የምትስብ የመርጫ ፓምፕ እዚያ ላይ አሰርኩ። ፓምፗ በተነሳች ቁጥር የኋላ መብራቱ ደብዘዝ ይል ነበር፤ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። የመርጫው ግፊት ከቀን ወደ ቀን ሲወርድ ጥፋቱን በፓምፗ ላይ ጥዬ ፈታኋት፤ አጠብኳት፤ አዲስ ቫልቭ ገዛሁላት። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ፓምፗ እየሠራች በቴስተር ስለካ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት፣ ፓምፗ ላይ 10.9። ሦስት ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ቀርቷል። ስፒናውን ስነቅለው ጣቴን ፈጀኝ። ነጩ ሽቦ በገባበት በኩል ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። በስፒና ያተረፍኩት ገንዘብ በቫልቭና በሁለት የሥራ ቀን ሄደ። ይህን ሶኬት ለመብራቱ ተዉለት።

የሲጋራ መለኮሻውን ቀዳዳ የሚጠይቁኝም አሉ። ለስልክ ቻርጀር ይሆናል። ትራክተር ሲንገጫገጭ ስፒናው ይላቀቃል፤ ሲላቀቅም ይግላል። በቃ።

ባለ 3 እግሩ ሌላ ነገር ነው፤ ክብር ይገባዋል። ዲአይኤን 9680 በሚባለው የጀርመን መስፈርት የሚሠራው ይህ ሶኬት ለ12 ቮልትና እስከ 25 አምፔር የታሰበ ነው። እግሮቹ ገልብጣችሁ እንዳትሰኩት ሆነው የተቀመጡ ናቸው፤ ክዳኑ በስፕሪንግ ራሱን ይዘጋል፤ ጭቃም በቀላሉ አይገባውም። ለኤሌክትሪክ ቫልቮች፣ ለመቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ለኤልኢዲ የሥራ መብራት፣ ለትንሽ ፓምፕ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው በማዳበሪያ መበተኛና በመሳሰሉት ነው። ሞተሩ ሲሽከረከር 20 አምፔር ቢስብ እንኳ፣ በርሜሉ ሞልቶ ከቆመበት ሲነሳ ለቅጽበት የዚያን እጥፍ ብቻ ሳይሆን ከዚያም በላይ ይፈልጋል። አንድ ጓደኛዬ ፊውዙ እየተቃጠለ ሲያስቸግረው የ25ቱን አውጥቶ የ40 ከተተበት። ፊውዙ አርፎ ተቀመጠ፤ የሶኬቱ እግሮች ግን ከስፒናው ጋር ተጣብቀው አንድ ሆኑ። በመዶሻ ነው የለያያቸው።

እዚህ ላይ ነው የፎርጂዱ ነገር የሚመጣው። ኦርጂናሉን ጥንድ ስገዛ የፎርጂዱን ሦስት እጥፍ ከፈልኩ፤ ከውጭ ስታዩአቸው ግን መንታ ናቸው። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። የሶኬቱን እግር ማግኔት ከሳበው ውስጡ ብረት ነው፤ ላዩ ብቻ ተለብጧል። ናስ ማግኔት አይነካውም። ብረቱ ከአንድ ክረምት በኋላ ይዝጋል፤ ዝገቱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

አሁን ወደ አንደርሰን። ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት ናቸው፣ ወንድና ሴት የለውም፤ ስለዚህ መለዋወጫ ስትይዙ አንድ ዓይነት ብቻ ትይዛላችሁ። መሣሪያውን ስትፈቱ ስፒናውን መንቀል ብትረሱ፣ ቀጥ ብሎ እስከተሳበ ድረስ ገመዱን ሳይበጥስ ተላቆ ይወጣል፤ ባለ 7ቱ ግን ክዳኑ ጥርስ ስላለው ይዞ ይቀራል። ቀለሙ ጌጥ አይደለም፤ ቅርጹ ከቀለሙ ጋር ስለሚለያይ ግራጫው ከቀዩ ጋር አይገጥምም። አንድ ቀለም መርጣችሁ ለሁሉም መሣሪያዎቻችሁ ያንኑ ግዙ። ጉድለቱ አፉ ክፍት መሆኑ ነው። የጎማ ክዳን ግዙለት፤ ትራክተሩ ላይ ስትገጥሙትም አፉን ወደ ታች አድርጉት። ፎርጂዱ እዚህም አለ። የሚታወቀው የውስጡን ምላስ ከገመዱ ጋር አስራችሁ ስትከቱት ነው፤ የደህናው ቀጭ ብሎ ይቆለፋል፣ ብትጎትቱትም አይወጣም። የፎርጂዱ ዝም ብሎ ይገባል፤ ዝም ብሎም ይወጣል። ኦርጂናሉን ጥንድ የገዛሁት ከኦርጂናሉ ባለ 3 እግር በትንሹ ባነሰ ዋጋ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ዋናው ወጪ ማገናኛው አይደለም። ከጠቅላላ ወጪዬ ሁለት ሦስተኛውን የበላው ገመዱ ነው፤ የምትታለሉትም እዚያው ላይ ነው። ሒሳቡን እንየው። ከባትሪው እስከ ጀርባ 4 ሜትር ቢሆን፣ ሄዶ ለመመለስ 8 ሜትር ነው። 25 አምፔር ሲያልፍበት ባለ 2.5 ገመድ 1.4 ቮልት ይበላል፤ ባለ 6 ወደ 0.6፤ ባለ 10 ደግሞ 0.35። በባለ 6ና በባለ 10 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ያሳዝናል፣ ግን ሞተር ለሚነሳበት መስመር ባለ 10 ግዙ። አንድ ጊዜ ነው የምትገዙት።

የመጀመሪያው ገመዴ ላዩ ላይ 10 ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ዋጋው ግማሽ በግማሽ ስለቀነሰልኝ ደስ ብሎኝ ገዛሁት። ስልጠው አንዱን ክር በቢላ ጫፍ ፋቅ አደረግኩት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ወጣ። አሉሚኒየም መዳብ ተቀብቶ ነው። እንዲህ ያለው ገመድ ከረንቱን ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ያግዳል፤ ስለዚህ 10 የተባለው የ6ን ያህል ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ከዚያ ይብሳል፤ የተቆረጠው ጫፍ እርጥበት ሲያገኘው ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ጫፉ ላይ በሚጨመቀው ማሰሪያ ቀለበት ውስጥም እየላላ ይሄዳል። ገመድ ስትገዙ አንድ ሜትር ልጣችሁ መዝኑት። ባለ 10 እውነተኛ መዳብ በሜትር 89 ግራም ያህል ነው። የተቀባው ግማሹንም አይሞላም። ሻጩ መላጡን ከከለከላችሁ ሂዱ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፤ አንዳንድ የመኪና ገመድ የሚሸጠው በውጭ ውፍረቱ ነው። «6 ሚሊ» የተባለው ገመድ ውስጡ ያለው መዳብ 4.6 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ሚሊ ነው ወይስ ካሬ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የገመዱን ወጪ በግማሽ ለመቀነስ ኔጋቲቩን ከትራክተሩ አካል ላይ የሚያስሩ ብዙ ናቸው። መሣሪያው ከትራክተሩ ጋር የሚገናኘው ግን ቀለምና ግራሶ በለበሱ የሊፍት (መሣሪያውን የሚያነሳው ክንድ) ፒኖች ነው። ዛሬ ይሠራል፤ ነገ አይሠራም፤ ችግሩን ስትፈልጉ ውላችሁ ታድራላችሁ። ሁለቱንም ገመድ ከባትሪ ሳቡ።

ስለ ፊውዝ የምጽፈው ስለፈራሁ ነው። በመጀመሪያው ሥራዬ ከርካሽ ፓኬት የወጣ የ30 አምፔር ፊውዝ አስገብቼ ነበር። መሣሪያውን ዝቅ ሳደርግ ገመዱ ከሊፍቱ ክንድ ሥር ተቆነጠጠ፤ ላስቲኩ ተቀደደ፤ ፖዘቲቩ ብረት ነካ። ፊውዙ በዚያ ቅጽበት መበጠስ ነበረበት። አልተበጠሰም። ከባትሪው ጎን ነጭ ጭስ ሲወጣ አይቼ ዘልዬ ወረድኩ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁት። በኋላ ፊውዙን ሳወጣው ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጣሟል፤ መሃሉ ላይ ያለው ቀጭን ብረት ግን እንደነበረ ነው። ትራክተሩን ያተረፈው ቅርብ መሆኔ ብቻ ነው። ስለዚህ በፊውዝ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፤ የታወቀ ስም ያለው፣ በብሎን የሚታሰር ግዙ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር አይራቅ፤ ከፊውዙ በፊት ያለውን ገመድ የሚጠብቀው ምንም የለምና። ለባለ 10 ገመድ የ40 ወይም የ50 ፊውዝ ይስማማዋል። ገመዱን ስትዘረጉ ሊፍቱን እስከ ላይ አንሡት፣ እስከ ታች አውርዱት፤ በሁለቱም ጫፍ ገመዱ እንዳይወጠር፣ ተንጠልጥሎም ከትራክተሩ ጀርባ ወደሚሽከረከረው ዘንግ (ፒቲኦ) እንዳይደርስ እዩ።

ከፊውዙ ቀጥሎ ሪሌ (በትንሽ ማብሪያ ትልቁን ከረንት የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ) አስገቡ፤ አለዚያ ከኋላ ያለው ማገናኛ ሌሊቱን ሙሉ ከረንት ይዞ ያድራል። የተለመደው የ40 አምፔር ሪሌ በሞተር መነሻ ውስጡ ሊጣበቅ ይችላል፤ ከተጣበቀ ማብሪያውን ብታጠፉም መበተኛው አይቆምም። የ70 አምፔሩ ዋጋ የዚያን እጥፍ እንኳ አይሞላም። እሱን ግዙ። ሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ በ85ና በ86 በኩል ወደ ማብሪያው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ቢሆን ይበቃል፤ ወፍራሙ በ30 ገብቶ በ87 ይወጣል።

ትራክተራችሁ ዘመናዊ ከሆነና ከኋላው አይሶባስ የሚባለው ባለ 9 እግር ሶኬት ካለው፣ መስፈርቱ ለሞተር 50፣ ለመቆጣጠሪያው 15 አምፔር እንዲሰጥ ያዛል። ለዚያ የተሠራ መሣሪያ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ለአንዲት ፓምፕ ከረንት ለመስረቅ ብላችሁ ግን ትራክተሩና መሣሪያው መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ሽቦዎች አትንኩ፤ ስፒናው ራሱ ከላይ የዘረዘርኩትን ዕቃ ሁሉ ያህል ሊያስወጣችሁ ይችላል።

ገንዘቡ አንድ ላይ ካልሞላላችሁ፣ መጀመሪያ ባለ 10 መዳቡንና ፊውዙን ግዙ፤ ለጊዜው ጫፉ ላይ ያላችሁን ባለ 3 እግር ግጠሙና ከ20 አምፔር በታች ለሚስብ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ፊውዙም እስከዚያ የ25 ይሁን። ማገናኛውን በሚቀጥለው ወቅት ትቀይሩታላችሁ፤ ገመዱ ከተዘረጋ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። ሲያልቅ የመሣሪያው ሞተር እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን መሣሪያው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ፤ በኔጋቲቩም እንዲሁ። የሁለቱ ድምር ከግማሽ ቮልት ካለፈ አንዱ ማሰሪያ ላልቷል ማለት ነው፤ በእጃችሁ ዳስሱና የሚሞቀውን ፈልጉ።