የፓንቶን ፎርሙላ ጋይድ፦ ቀለም በዓይን ግምት ለሚቀይጡ ማተሚያ ቤቶች

ልዩ ቀለም፣ ማለትም ለአንድ ሥራ ተብሎ ለብቻው የሚዘጋጅ ቀለም፣ በዓይን እየተገመተ የሚቀየጥበት ጠረጴዛ በኦፍሴት ማተሚያ ቤት ውስጥ ቀለም በብዛት ከሚባክንባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ደንበኛው የድርጅቱን ዓርማ ይዞ ይመጣል፤ ባለሙያው ከሰማያዊው ጣሳ በስፓቱላ ያነሣል፣ ነጭ ይጨምርበታል፣ ሲነጣበት መልሶ ሰማያዊ ያክልበታል፤ የተፈለገው መልክ በተገኘ ጊዜ ግማሽ ኪሎ ለሚበቃው ሥራ ሁለት ኪሎ ቀለም ተቀይጦ ይገኛል። ትርፉ ምንም ሳይጻፍበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የኦፍሴት ቀለም ደግሞ አየር ሲያገኘው ፊቱ ላይ ቆዳ ስለሚሠራ ውሎ አድሮ ይጣላል። ቀለሙ ከውጭ የሚገባ ነውና፣ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ያለውን ብክነት መሸከም ይበልጥ ከባድ ሆኗል።

ፓንቶን የተባለው ኩባንያ የሚያወጣው የቀለም መቀየጫ መምሪያ፣ ፎርሙላ ጋይድ፣ ይህን ችግር ከሥሩ የሚነካ መሣሪያ ነው። ኩባንያው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ መምሪያ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ሁለት ጥራዞች አሉት፤ አንዱ በአርት ወረቀት፣ ሌላው ሽፋን በሌለው ወረቀት ላይ የታተመ ነው። ከ2000 በላይ ቀለሞች በቁጥር ተለይተው ቀርበውበታል፤ እያንዳንዱም ከየትኞቹ መሠረታዊ ቀለሞች፣ በምን ያህል መጠን እንደሚቀየጥ አብሮት ተጽፏል።

መምሪያው ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ግን የግራም አሥረኛን ከሚለይ ዲጂታል ሚዛን ጋር ሲሆን ነው፤ ያለ ሚዛን የገዛው ሰው ገንዘቡን ለውብ የቀለም ናሙና ብቻ አውሏል ማለት ይቻላል። ሚዛን ካለ ለሥራው የሚበቃውን ቀለም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ በተሸፈነ ወረቀት ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ከ1 እስከ 1.5 ግራም ገደማ ቀለም ያርፋል። 5000 ቅጠል ኤ3 ወረቀት ስፋቱ 625 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ልዩ ቀለሙ የሚሸፍነው አንድ አምስተኛውን ከሆነ 125 ካሬ ሜትር፣ ቢበዛ 190 ግራም ቀለም ይሆናል። እንደ ጂቲኦ ባለ ትንሽ ማሽን ላይ ለሮለሮቹና ለቀለም ገንዳው የሚያስፈልገው ሲታከልበት እንኳ ሁለት ኪሎ የሚያስቀይጥ ምክንያት የለም። በመጀመሪያ 10 ግራም ብቻ ቀይጦ፣ ሥራው በሚታተምበት ወረቀት ላይ በጣት መታ መታ አድርጎ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ ከናሙናው ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው፤ እርጥብ ቀለምና የደረቀ ቀለም አንድ መልክ የላቸውምና።

ገዢው በጥብቅ ሊያስተውለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ቀመሮቹ የተሠሩት እንደ ዋርም ሬድ፣ ሩባይን ሬድና ሪፍሌክስ ብሉ ላሉ የፓንቶን መሠረታዊ ቀለሞች ነው፤ ለአራት ቀለም ኅትመት የሚያገለግሉትን ሳያንና ማጀንታ በእነዚህ ቦታ መተካት አይቻልም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የነጩ ነገር ነው። መምሪያው ቀለምን ለማሳሳት የሚጠቀመው ትራንስፓረንት ኋይት የተባለውን፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን ነጭ ነው። በዚህ ፈንታ የሚሸፍነው ተራ ነጭ ከገባ ቁጥሩ በትክክል ተመዝኖም ቢሆን ቀለሙ ኖራማ ይሆናል፤ የተቀየጠው ሁሉ ይጣላል፣ ማሽኑም እንደገና ይታጠባል። ስለዚህ መምሪያውን ከማዘዙ በፊት ቀለም አስመጪውን የትኞቹን መሠረታዊ ቀለሞች በቋሚነት እንደሚያቀርብ መጠየቅ ይገባል።

ዋጋው ለትንሽ ማተሚያ ቤት ቀላል አይደለም፤ ወረቀቱም ሆነ ቀለሙ ከጊዜ ጋር ስለሚለወጥ ኩባንያው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራል። ይህ ምክር ለእኛ ሁኔታ ከባድ ነው። መምሪያውን ከፀሐይ አርቆ፣ በመያዣው ዘግቶ የሚያስቀምጥ ሰው ናሙናው ቢደበዝዝ እንኳ ቀመሩን ከዚያ በላይ ሊጠቀምበት እንደሚችል አምናለሁ፤ ደንበኛ ፊት ለማቅረብ ግን አዲሱ ያስፈልጋል።

የድርጅት ዓርማ፣ ማሸጊያና መለያ ወረቀት አዘውትሮ ለሚያትም ቤት መምሪያውን ከሚዛኑ ጋር እንዲገዛ ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በየጣሳው ላይ የፓንቶን ቁጥሩን፣ ክብደቱንና ቀኑን ከጻፈ የተረፈው ቀለም ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ሥራ ይውላል። መጻሕፍትን በጥቁር ብቻ ለሚያትም ቤት ግን ግዢው አስፈላጊ አይደለም።