አረንጓዴ መብራት የምታበራዋ ሳጥን ቴሌቪዥናችሁን ከመብረቅ አታድንም

ሶኬት ላይ ተሰክታ አረንጓዴ መብራት የምታበራ፣ የሲጋራ ፓኮ የምታክል ሳጥን «የመብረቅና የኢ.ኤም.ፒ መከላከያ» እየተባለች ከባሕር ዳር እስከ ደጀን በየሱቁና በየቴሌግራም ቻናሉ ትሸጣለች። ኢ.ኤም.ፒ የሚሉት ከኑክሌር ፍንዳታ የሚነሳውን የኤሌክትሮማግኔት ግፊት ነው። አንዷ ሶኬት ላይ ከተሰካች የቤቱን ዕቃ በሙሉ ትጠብቃለች ነው የሚሉት። እንዳትገዙ። ክረምት ሲቃረብ ሻጩም ይበዛል።

ስትከፈት የሚገኘው ከ2 እስከ 5 ማይክሮ ፋራድ የሆነ አንድ ካፓሲተር (ጥቂት ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ)፣ ጥቂት ዳዮዶች፣ ሬዚስተርና ኤልኢዲ ነው። «ቆጣሪ ትቀንሳለች» ተብላ ስትሸጥ የኖረችው ፓወር ሴቨር ራሷ ናት፤ ስሟ ተቀየረ እንጂ ሆዷ አልተቀየረም። አንዳንዷ እጅ ላይ ከበድ እንድትል ሙጫ ይፈስባታል። አረንጓዴው መብራት የሚናገረው ሶኬቱ ኃይል እንዳለው ብቻ ነው።

ሒሳቡን እዩት። መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ በቤት መስመር ላይ 3,000 አምፒር ለ20 ማይክሮ ሰከንድ ያህል አለፈ እንበል። ይህ 0.06 ኩሎምብ ቻርጅ ነው። ካፓሲተሩ ሁሉንም ይያዘው ቢባል፣ ለ4.7 ማይክሮ ፋራድ ሲካፈል ከ12,000 ቮልት በላይ ይመጣል። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው 400 ቮልት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ሌላው ጉድ ሁለት እግር ብቻ መኖሯ ነው። የመብረቅ ግፊት ብዙ ጊዜ የፌዝንና የኒውትራልን (ወደ ሶኬቱ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች) ቮልቴጅ አንድ ላይ ከመሬት በላይ ያነሳዋል። በሁለቱ መካከል የተቀመጠ ዕቃ ይህን ልዩነት ጭራሽ አያየውም፤ ወደ መሬት የሚያወርድበት ሦስተኛ ሽቦም የለውም። ግፊቱ በቴሌቪዥኑ በኩል አልፎ በዲሹ ገመድ ይወጣል። ሪሲቨሩና የቴሌቪዥኑ የኤችዲኤምአይ መግቢያ አብረው የሚቃጠሉት ለዚህ ነው።

«ኢ.ኤም.ፒ» የሚለው ቃል ደግሞ ለማስፈራሪያ የገባ ነው። ነገሩ እውነት አለው፦ አሜሪካ በሐምሌ 1962 እ.ኤ.አ. ከፓስፊክ በላይ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ 1.4 ሜጋ ቶን ኑክሌር ስታፈነዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በሃዋይ የመንገድ መብራቶች ጠፍተዋል። ከእንዲህ ያለ ፍንዳታ የሚመጣው የመጀመሪያው ግፊት በናኖ ሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ ይነካል። ሁለተኛው መብረቅን ይመስላል። ሦስተኛው እንደ ፀሐይ ማዕበል ለደቂቃዎች የሚቆይ ሲሆን የሚጎዳው ረጃጅም የማስተላለፊያ መስመሮችንና ትራንስፎርመሮችን ነው፤ ለምሳሌ ከበለስ ተነስቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል የሚያልፈውን የ400 ኪሎ ቮልት መስመር። ሶኬት ላይ የምትሰካ ሳጥን ለዚህ ምንም አታደርግም።

የብር ቀለም ያለው «ኢ.ኤም.ፒ ከረጢት»ም አለ። ሻጩ ስልክ ከቶ ይደውልና «አይጠራም፣ አያችሁ?» ይላል። የስልክ ሞገድ ከ700 ሜጋ ኸርትዝ በላይ ነው፤ የመጀመሪያው ግፊት ጉልበት ግን በአብዛኛው ከ100 ሜጋ ኸርትዝ በታች ያርፋል። ስለዚህ ፈተናው በኤፍኤምና በሚዲየም ዌቭ ሬዲዮም መደገም አለበት፤ ከውስጥ ድምፅ ከተሰማ ከረጢቱ ያፈሳል። ትርፍ ሬዲዮና የሶላር መቆጣጠሪያ ማስቀመጥ የፈለገ ሰው ክዳን ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ይበቃዋል፦ የክዳኑን ጠርዝ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብረት ከብረት እንዲገናኝ ማድረግ፣ ውስጡን በካርቶን ማልበስ፣ መገጣጠሚያውን በአሉሚኒየም ቴፕ ዙሪያውን መዝጋት። የተሰካ ዕቃን ግን የትኛውም ከረጢት አይጠብቅም፤ ገመዱ ራሱ አንቴና ነው።

ለጎጃም ቤት ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠም ሰርጅ ፕሮቴክተር፣ ማለትም ድንገተኛ ግፊትን ወደ መሬት የሚያወርድ ዕቃ ነው። ጀርባው ላይ ታይፕ 2፣ የሥራ ቮልቴጁ 275 ወይም 320፣ ከፍተኛው 40 ኪሎ አምፒር፣ የሚያሳልፈው ቮልቴጅ 1.5 ኪሎ ቮልት ገደማ ተብሎ ይጻፋል። መብራታችን ከፍ ዝቅ ስለሚል 320ው ይሻላል። ባዶ ፕላስቲክ እየተሸጠ ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት መገር (በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለካ መሣሪያ) ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ በፌዝና በኒውትራል መግቢያዎቹ መካከል በ1,000 ቮልት ይለካው። ደህናው ከ430 እስከ 510 ቮልት አካባቢ ማሳለፍ ስለሚጀምር ንባቡ ይወርዳል። መገሩ ምንም እንዳልተገናኘ ካሳየ ውስጡ ቫሪስተር፣ ማለትም ግፊቱን የሚያሳልፈው ዋናው ክፍል፣ የለም። በተራ ቴስተር ይህ አይታወቅም።

ጥሩው ዕቃም በገጠማ ይበላሻል። አንድ ሜትር ሽቦ በ10 ኪሎ አምፒር ግፊት ብቻውን 1,000 ቮልት ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከፌዝ እስከ ግራውንድ ባር (የመሬት ሽቦዎች የሚታሰሩበት ብረት) ያለው ሽቦ ተደምሮ ከ50 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። የግራውንዱ ሽቦ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ፣ ከፊቱም የራሱ ብሬከር ይኑረው። ሽቦውን ጥቅልል አድርጎ የሚያስቀምጥላችሁን ባለሙያ አስቁሙት።

ግራውንዱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። ከኮንክሪት የወጣች ሚስማር ላይ ሽቦ ጠምዝዞ «አለቀ» የሚል አለ። ቢያንስ 1.5 ሜትር የሆነ መዳብ የተለበጠ ዘንግ በመዶሻ ይገባል። በቢቸናና በደጀን ዙሪያ ያለው ዋልካ በበጋ ስለሚሰነጠቅ አፈሩ ከዘንጉ ይለያል፤ እዚያ 2.4 ሜትር ይሁን፣ የጣሪያ ውኃ የሚወርድበት ቦታም ይመረጥ። ጨው መሙላት ዘንጉን ይበላዋል። ለዲሹ ሌላ ዘንግ ለብቻው አትትከሉ፤ የዲሹ ገመድ ሽፋን ከዚያው ከቤቱ ግራውንድ ጋር ይታሰር። ግፊቱ 1,000 አምፒር፣ የዘንጉ ሬዚስታንስ 20 ኦም ከሆነ በሁለት ዘንጎች መካከል 20,000 ቮልት ይፈጠራል፤ መንገዱም ቴሌቪዥናችሁ ነው።

ይህ ሁሉ የኒውትራል መቆረጥን አይከላከልም። ምሰሶ ላይ ኒውትራል ሲለቅ ቤታችሁ ውስጥ እስከ 380 ቮልት ይገባል፤ ሰርጅ ፕሮቴክተሩም ይህን ተሸክሞ ስለማይቆይ ራሱ ይቃጠላል። ለዚያ ከ250 ቮልት በላይና ከ180 በታች ሲሆን የሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስ ፍሪጁን ቢያንስ ሦስት ደቂቃ የሚያስጠብቅ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ለብቻው ይገዛል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ «ሁለቱንም ትሠራለች» ካላችሁ የቅድሟ ሳጥን ናት።

ነጻውን ደግሞ አትናቁት። ብልጭታ አይታችሁ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በፊት ከደረሰ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ መንቀል ያለባችሁ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው እንጂ ራሳችሁ ላይ ሲያጓራ አይደለም። ማጥፊያውን መዝጋት አይበቃም፣ ክፍተቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ግፊቱ ይዘለዋል። የዲሹንም ገመድ ንቀሉ፤ ጫፉን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንጠልጥላችሁ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሜትር አርቃችሁ።

ሻጩ «የአንድ ዓመት ዋስትና» ሲል ሳጥኗን ይቀይራል ማለት ነው፤ ለተቃጠለው ቴሌቪዥን አንድም ቃል አልጻፈም። ደረሰኝ ጠይቁ፣ «መብረቅ ይከላከላል» የሚለውንም ደረሰኙ ላይ ያስፍርላችሁ። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሐሰተኛ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የገዛችሁ ካላችሁ ሳጥኗን ሳትከፍቱ ከነደረሰኟና ከማስታወቂያው ፎቶ ጋር ለወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቅርቡ።