ለልጄ ካውንስለር ምስጋና፣ ለሲልቨር ስፕሪንግ ወላጆች ጥቆማ

ሰላም የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ወላጆች። ልጄ ከሞንትጎመሪ ብሌር ሃይስኩል ተመርቃለች፤ እልል በሉልኝ። ምስጋናዬ ለመምህራኑም ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን ለካውንስለሯ፣ ማለትም ለትምህርት አማካሪዋ። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አልጽፍም።

ትምህርት ቤቱን ለማታውቁት፣ ብሌር ያለው ሜሪላንድ ውስጥ ፎር ኮርነርስ፣ ዋሽንግተንን ዙሪያውን የሚከበው አውራ ጎዳና (ቤልትዌዩ) አጠገብ ነው። ከ3 ሺህ በላይ ተማሪ አለው። አሁን ወዳለበት ሕንፃ የገባው በ1998 ነው። ስሙን ያገኘው ከፕሬዚዳንት ሊንከን የፖስታ ሚኒስትር ነው፤ ሰውዬው በባርነት ሳለ ነጻነቱን በፍርድ ቤት ለጠየቀው ለድሬድ ስኮት ጠበቃ ሆኖ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ የተከራከረ ነው። ይህንን የነገረችኝ ልጄ ናት።

ብሌር ሲነሳ እኛ ሀበሾች ቶሎ የምናወራው ስለ ማግኔቱ ነው። በ1985 የተጀመረ የሳይንስ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ የሚገባውም በውድድር ነው። ጽሑፍና ሚዲያ ለሚወዱ ደግሞ ካፕ የሚባል ሌላ ፕሮግራም አለ። ልጄ በሁለቱም አልገባችም። ከአዲስ አበባ የመጣነው አሥረኛ ክፍል ልትጀምር ስትል ነው። ለእነዚህ የሚመረጡት ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ላይ ሆነው ነው። ማግኔት ያልገባ ልጅ ብሌር ውስጥ ምን እንደሚያገኝ ግን የሚነግራችሁ ሰው ብዙም የለም። እኔ ልንገራችሁ።

ከውጭ የመጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካውንቲው የምዝገባ ቢሮ ነው። ካርዱን የሚገመግሙት እዚያ ነው። ብሌር ስንደርስ ካውንስለሯ ያንን ግምገማ ከነካርዱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በስልክ አስተርጓሚ አስገብተው፣ አንድ በአንድ ጠየቁን። ፊዚክስ ምን ድረስ ተማረች? ሒሳቡስ? እንግሊዝኛዋ ገና ስለሆነ ሒሳቧም ገና ነው አላሉም። አስፈትነው ከፍ ወዳለው ክፍል አስገቧት። እንግሊዝኛውን ለአዲስ መጤዎች በተዘጋጀው ክፍል እየተማረች፣ ሒሳቡን ከእኩዮቿ ጋር ቀጠለች። ይህ አንድ ውሳኔ ነው ሌላውን ሁሉ የከፈተው። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ኤፒ ካልኩለስ፣ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ሒሳብ፣ ወሰደች። አሥራ ሁለተኛ ላይ ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገብታ ትምህርት ወሰደች፤ ክሬዲቱ ለሃይስኩሉም ለኮሌጁም ይቆጠርላታል። የኮሌጁን ክፍያ እኛ አልከፈልንም። በሜሪላንድ ለመንግሥት ሃይስኩል ተማሪ እንዲህ ሃይስኩል ሳሉ ኮሌጅ መማር፣ ዱዋል ኢንሮልመንት የሚሉት፣ በነጻ ነው። እኔ ካውንስለሯ እስኪነግሩኝ ድረስ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ለመመረቅ 22 ክሬዲት ያስፈልጋል። ኪነ ጥበብና ስፖርት ሳይቀሩ ግዴታ ናቸው። ልጄ ፊዚክስ ልትጨምር ስትሟገት ካውንስለሯ ሳቅ ብለው የሥዕል ክፍል መዘገቧት።

ሌላው የመመረቂያ ግዴታ የበጎ አገልግሎት ሰዓት ነው። መደበኛው 75 ሰዓት ነው፤ ዘግይቶ ለገባ ተማሪ ይቀነስለታል። ልብ በሉ፣ ቅዳሴና መዝሙር አይቆጠርም፤ አገልግሎቱ ከሃይማኖት ውጪ መሆን አለበት። ምግብ ማደል፣ ላይብረሪ መርዳት፣ እንዲህ ያለው ነው የሚያዘው። ስንቱ የሀበሻ ልጅ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰዓቱን ቆጥሮ መጨረሻ ላይ እንደሚደነግጥ!

ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ የነጻ ምሳ ማመልከቻ ቅጹን ሙሉ። ልጁ ምሳ ይዞ የሚሄድ ቢሆንም ሙሉት። ለኮሌጅ መግቢያ የሚወሰደው የኤስኤቲ ፈተናና የኮሌጅ ማመልከቻ ክፍያ ነጻ የሚሆንበት መንገድ በዚያ በኩል ያልፋል።

ብሌር እንከን የለውም አልልም። ግዙፍ ነው። ዝምተኛ ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ማንም ሳያየው ዓመቱን ሊጨርስ ይችላል። አንድ ካውንስለር ብዙ ልጆች አሉበትና እናንተ ካልሄዳችሁ እሱ ቤታችሁ አይመጣም። ለዚህ ነው ሂዱ የምለው። ኢንተርኔት ላይ ለትምህርት ቤቶች ነጥብ የሚሰጡት ገጾችም የፈተና አማካይ ይነግሯችኋል እንጂ የእናንተ ልጅ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጥ አያውቁም። ለነጥብ ብሎ ፖቶማክ ድረስ ውድ ኪራይ ፍለጋ መሄድ እኔ አይታየኝም።

ስትሄዱ ቀጠሮ ያዙ፣ “አማርኛ አስተርጓሚ” በሉ። ነጻ ነው፣ መብታችሁም ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጅ የራሱን ጥፋት አሳምሮ ነው የሚተረጉመው። የአገር ቤት ካርዱን ከነማኅተሙ ያዙ። የመጪው ዓመት የትምህርት ምርጫ የሚሞላው ክረምቱ አጋማሽ ላይ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ ስለሆነ ከዚያ በፊት ድረሱ።

ካውንስለሯ ይህን አያነቡትም። ልጄ ተርጉማ እንድትልክላቸው አዝዣታለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።