አሊስ ስፕሪንግስ (መሀል አውስትራሊያ) ሄዳችሁ መስራት ለምታስቡ ነርሶች፦ ስለወሰድኳቸው ስልጠናዎች

ሜልበርን ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ በየለቅሶውም በየክርስትናውም ስንገናኝ ስለ አቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ህዝብ) ክሊኒክ ስራ ትጠይቁኛላችሁ፣ ቆሜ የምመልሰው ስለማይበቃ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በመጀመሪያ ጉዞዬ ከመሄዴ በፊትና እዛ ከደረስኩ በኋላ አራት ስልጠና ወስጃለሁ፣ አንዱ ጊዜ ማባከን ነው፣ ሶስቱ ግን ድጋሚ ክፈይ ብባል እከፍላለሁ (አንዱ እንደውም ነፃ ነው)።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልናገር። "ሰርተፍኬት ፎር ተምሬ አቦርጂናል ሄልዝ ፕራክቲሽነር ልሁን" የሚሉ አሉ (ሰርተፍኬት ፎር የሙያ ኮርስ ነው፣ ፕራክቲሽነሩ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ የገዛ ህዝቡን የሚያክም ባለሙያ ነው)፣ አይቻልም። ስሙ በህግ የተጠበቀ ነው፣ ከጁላይ 2012 ጀምሮ አህፕራ (የጤና ባለሙያዎችን የሚመዘግበው የአገሪቱ መስሪያ ቤት) ስር የራሱ ቦርድ ኖሮት በአገር ደረጃ ይመዘገባል፣ አሊስ ያለችበት ኖርዘርን ቴሪቶሪ ውስጥማ ከ1985 ጀምሮ ይመዘገቡ ነበር። ለመመዝገብ ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ሰውየው ራሱ አቦርጂናል ወይ የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ መሆን አለበት። ይሄ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ቋንቋውንና ዝምድናውን የሚያውቅ የሰፈሩ ልጅ የሚሰራውን ስራ እኔ ሰርተፍኬት ይዤ ልሰራው አልችልም። እኛ የምንገባው በነርስነታችን ነው፣ ሌላ የተለየ ሬጂስትሬሽን የለም፣ ያው በየዓመቱ እስከ ሜይ 31 የምናድሰው ነው፣ 20 ሰዓት ሲፒዲውም (በየዓመቱ የምንወስደው የሙያ ማሻሻያ ትምህርት) ያው። ኢትዮጵያ ተምራችሁ ገና ያልተመዘገባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ኤንክሌክሱንና (የኮምፒውተር ፈተናውን) ኦስኪውን (የተግባር ፈተናውን) ጨርሱ፣ ስለ ሪሞት (ከከተማ የራቀ ቦታ) ስራ የምታስቡት ከዛ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ስልጠናዎቹ። የላከኝ ኤጀንሲ ግዴታ ነው ብሎ ያስወሰደኝ ኦንላይን "የባህል ግንዛቤ" የሚባል ነገር ነበር፣ ስላይድ ታገላብጣላችሁ፣ 10 ጥያቄ ትመልሳላችሁ፣ ሰርተፍኬቱ በኢሜይል ይመጣል። ከስላይዶቹ አንዱ "አቦርጂናሎች አይን ለአይን መተያየት አይወዱም" ይላል፣ በቃ፣ ለምን የለም፣ የት አካባቢ የለም፣ ከመቶ በላይ የተለያየ ቋንቋና አገር ያለውን ህዝብ እንደ አንድ ሰው አድርጎ የጻፈ ነው። ይሄን ይዤ ብሄድ ኖሮ ሰው ባየሁ ቁጥር መሬት መሬት ሳይ ነበር የምውለው። በጣም አናዶኛል፣ ምክንያቱም ከ2018 ጀምሮ ካልቸራል ሴፍቲ (የታካሚውን ባህልና ማንነት አክብሮ ማከም) የነርሶች የስነምግባር ደንብ ውስጥ የተጻፈ ግዴታችን ነው፣ ሀሳቡንም ኒውዚላንድ ውስጥ ያመጡት የማኦሪ ነርሶች ናቸው፣ እነሱ ያሉት ደግሞ አገልግሎቱ ደህና ነው አይደለም የሚለውን የሚፈርደው ታካሚው ነው። በሽተኛው የሚፈርደውን ነገር እኔ በ10 ጥያቄ አለፍኩ ተባልኩ። ከ5 አንድ ሰጥቼዋለሁ።

ሁለተኛው አሊስ ከደረስኩ በኋላ የአገሩ ሽማግሌዎች በአካል የሰጡን የአንድ ቀን ስልጠና ነው፣ ለዚህ ከ5 አምስት ሰጥቼም አይበቃኝም። አሸዋ ላይ ክብ ሰርተን ተቀምጠን አንዲት እናት ስለ ዝምድና አስረዱን፣ አማት ከልጃቸው ባል ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፣ የክብር ጉዳይ ነው። እና ተጠባባቂ ክፍል ውስጥ አማቹ ሲገባ ሴትየዋ ተነስተው ይወጣሉ፣ ነርሷ ፋይሉ ላይ "ሳይጠብቁ ሄዱ" ብላ ትጽፋለች፣ ስኳራቸው ሳይለካ ወር ያልፋል። መፍትሄው ሁለተኛ በር ወይ ውጭ ዛፍ ስር አግዳሚ ወንበር ነው፣ ይሄን ማን ያስባል! ለቅሶ ሲሆን ደግሞ (ሶሪ ቢዝነስ ይሉታል) የሟች ስም አይጠራም፣ ያንኑ ስም የያዘ ሌላ ሰው ካለ እንኳን ስሙ ይቀየራል፣ ስለዚህ ኮሪደር ላይ ቆሞ በሙሉ ስም መጣራት የሰው ቁስል መንካት ነው። "ሼም" የሚሉት ነገርም አለ፣ የእንግሊዝኛው ሀፍረት ብቻ አይደለም፣ ሲያስረዱን ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው የኛ ይሉኝታ ነው። ሳይገባው "እሺ" የሚል በሽተኛ የኛም አገር ሞልቷል አይደል፣ እናቴ ራሷ ሀኪም ፊት እሺ እሺ ብላ ወጥታ በር ላይ "ምን አለ?" ትለኝ ነበር። የከበደኝ ግን ከሰዓት የነበረው ነው፣ መንግስት እስከ 1970ዎቹ ድረስ ልጆችን ከእናቶቻቸው ሲወስድ ከሆስፒታል ጭምር ይወስድ እንደነበር ሲነግሩን፣ አያቶች ነርስ ሲያዩ ለምን ልጁን ጠበቅ አድርገው እንደሚይዙ ገባኝ፣ እኔ የለበስኩትን ዩኒፎርም ነው የሚያዩት።

ሶስተኛው ዳርዊን ያለው ሜንዚስ የምርምር ተቋም ስለ ሩማቲክ የልብ ህመም ያዘጋጀው ኦንላይን ትምህርት፣ ነፃ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ጥቁር አንበሳ የሰራን ሰዎች በየወሩ ቤንዛቲን (ፔኒሲሊን) የሚወጉ ልጆችን እናውቃለን፣ እዚህ ሀብታም አገር ውስጥ ያው በሽታ፣ ያው መርፌ፣ በየ28 ቀኑ ለዓመታት። ኮርሱ የጠቀመኝ ህመሙን መቀነስ ላይ ነው፣ መድሀኒቱ ከፍሪጅ ወጥቶ እስኪሞቅ መጠበቅ፣ አልኮሉ እስኪደርቅ፣ በአውራ ጣት 10 ሰከንድ መጫን፣ ከዛ ቀስ ብሎ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ወስዶ መውጋት። እኔ ስንት ዓመት በጥድፊያ ስወጋ ኖሬያለሁ። ልጁ የሚቀጥለው ወር የሚመለሰው ዛሬ ካላመመው ነው። አምስት።

አራተኛው የክራናፕላስ (ከከተማ ርቀው የሚሰሩ የጤና ባለሙያዎች ድርጅት) የሪሞት ኢመርጀንሲ ኮርስ ነው፣ በአካል ነው፣ ዋጋው ኪስ ይነካል ግን ቅርብ ያለው ሆስፒታል 300 ኪሎሜትር ርቆ አውሮፕላን እስኪመጣ ብቻችሁን ስትሆኑ ምን እንደምታደርጉ እጃችሁ ይለምዳል። አራት እሰጠዋለሁ፣ ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ብቻ።

ክሊኒክ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ከአቦርጂናል ፕራክቲሽነሯ ጋር ተጠጉ፣ እኔ አብሬያት የሰራሁት ሴትዮ እንደምትለው 'ቆይ፣ እኔ ልግባ መጀመሪያ' ካለች ቁሙ፣ ምክንያቱን በኋላ ትነግራችኋለች ወይ አትነግራችሁም፣ ግን ቁሙ። ከተቻለም ማህበረሰቡ ራሱ ቦርድ መርጦ የሚያስተዳድራቸው ክሊኒኮች ጋ አመልክቱ፣ ሲድኒ ውስጥ ሬድፈርን ሰፈር በ1971 ከተጀመረው ወዲህ አሁን ከ140 በላይ ናቸው፣ አሊስ ያለው ኮንግረስ ከ1973 ጀምሮ አለ።

ወረቀት ላይ፣ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ለመስራት ኦከር ካርድ የሚባለው ከልጆች ጋር የመስሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አመልክቱ። ጁላይ ላይ የምትሄዱ ደግሞ ጋቢ ያዙ፣ በረሃ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።